መብራት በሌለበት ቦታ የችግኝ ቤትን በእንጨት ቦይለር ማሞቅ፦ ለጅማና አካባቢዋ የሚሆን አሠራር

«ግሪንሃውሴ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ የመብራት መስመር የለኝም፣ በእንጨት ማሞቅ ይቻላል ወይ?» ኅዳር ሲገባ ይህ ጥያቄ ስልኬ ላይ አይጠፋም። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ የቲማቲም፣ የቃሪያ ወይም የፓፓያ ችግኝ አፍልተው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ይቻላል። ግን ቤቱን ሳይሆን መደቡን አሙቁ። እሳቱንም ሌሊቱን ሙሉ አታንድዱ። ምሽት ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት አንዳችሁ ሙቀቱን በውሃ አጠራቅሙ፤ ከዚያ ተኙ። ውሃው ያለ ፓምፕና ያለ መብራት እስኪነጋ ድረስ ሙቀቱን ቀስ እያለ ለችግኙ ይሰጣል።

እዚህ ያሉት ልኮች 5 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ፣ ውስጡ 1.2 በ8 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች ላሉት የላስቲክ ቤት የተሰሉ ናቸው። የእናንተ ከዚህ በጣም የሚበልጥ ከሆነ ይህንኑ ሥርዓት ሁለት ቦታ ሥሩ። አንዱን ማተለቅ ብዙም አያዋጣም።

ለምን መደቡን ብቻ?

ጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ላይ ደመናው የምድሩን ሙቀት ስለሚይዝ ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ይጠራል፣ ሙቀቱም ወደ ላይ ያመልጣል። ቴርሞሜትሩ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ወደ ዴዶ ደጋ ከወጣችሁ ደግሞ የባሰ ነው። ነጠላ ላስቲክ ይህን አያቆምም። ያልሞቀ የላስቲክ ቤት ውስጡ ንጋት ላይ ከውጭው በአንድ ሁለት ዲግሪ ቢበልጥ ነው።

ቲማቲም ከ10 ዲግሪ በታች እድገቱን ያቆማል። ቃሪያ ከእሱም በላይ ብርድ ይፈራል። የፓፓያ ዘር ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሳምንታት ተቀምጦ መበስበስ ይጀምራል። ሦስቱም በዋናነት የሚፈልጉት ሥራቸው አካባቢ 20 ዲግሪ ገደማ የሆነ አፈር ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ቤቱ ወደ 110 ካሬ ሜትር ላስቲክ አለው። እያንዳንዱ ካሬ ሜትር በአንድ ዲግሪ ልዩነት ወደ 6 ዋት ሙቀት ያስወጣል። ውስጡን ከውጭው በ8 ዲግሪ ከፍ ላድርገው ካላችሁ ከ5 ኪሎዋት በላይ ሳያቋርጥ ያስፈልጋችኋል፤ ይህም በአንድ ሌሊት ወደ 30 ኪሎ ደረቅ እንጨት ነው። መደቡን ብቻ በዝቅተኛ የላስቲክ ዋሻ ሸፍናችሁ ብታሞቁት ግን 1 ኪሎዋት ገደማ ይበቃል። ከነብክነቱ ከ8 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ማለት ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለሆነ «ቤቱን በሙሉ ላሙቅ» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ እንጨቱን የሚገዛለት ማን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 4 ሚሊ ላሜራ፣ ለቦይለሩ (3 ሚሊም ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይበላል)
- ባለ 16 ፌሮ፣ ለእሳት ማንደጃው ፍርግርግ
- ባለ 200 ሊትር የብረት በርሜል፣ 2፤ የምግብ ዘይት የነበረበት ቢሆን ይመረጣል
- ባለ 1 ኢንች ተኩል የብረት ቱቦ፣ ወደ 8 ሜትር፣ ከቦይለር ወደ በርሜል ለሚሄደውና ለሚመለሰው
- ባለ 1 ኢንች የብረት ቱቦ፣ ለመደቦቹ 32 ሜትር፣ ለማገናኛ ጥቂት ተጨማሪ
- ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች የብረት ቱቦ፣ 2 ሜትር ገደማ፣ ለመተንፈሻ
- ባለ 1 ኢንች ቦል ቫልቭ፣ 2፤ ማፍሰሻ ቧንቧ፣ 1
- የቱቦ መገጣጠሚያዎች፦ ጎሚቶ (ማጠፊያው)፣ ቲ፣ ዩኒየን፣ ኒፕልና ቴፍሎን
- ከ25 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው የብረት ጣሳ፣ ለመተንፈሻ
- ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት የጭስ ማውጫ፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር
- ቴርሞሜትር፣ 3፦ አንዱ ለበርሜሉ፣ አንዱ ለአፈሩ፣ አንዱ ለአየሩ
- ለመደቡ ማቆሚያ የባሕር ዛፍ አጣና፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ ትርፍ ላስቲክ
- ሙቀት መያዣ፦ በደንብ የደረቀ የቡና ገለባ ወይም ሰጋቱራ

ላሜራውም ቱቦውም ጅማ መርካቶ ካሉ ብረት መሸጫዎች አይጠፋም። ከመግዛታችሁ በፊት በያጁን አማክሩት። ቁራጭ ላሜራ ቤቱ ካለው ብዙ ትቆጥባላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፤ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ይነበብ

አንደኛ፣ ይህ ሥርዓት ምንጊዜም ወደ አየር ክፍት መሆን አለበት። የታሸገ ውሃ ሲፈላ ቦንብ ነው። አሮጌ የሻወር ቦይለር ወይም የጋዝ ሲሊንደር እሳት ላይ ጥዶ ለማሞቅ እንዳታስቡ።

ሁለተኛ፣ ቤንዚን፣ ናፍታ ወይም ኬሚካል የነበረበትን በርሜል አታስቆርጡ፣ አታስበይዱ። ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። የዘይት በርሜልም ቢሆን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ሊቆረጥ ከሚፈለገው ቦታ በታች ድረስ ውሃ ተሞልቶ ይሠራ።

ሦስተኛ፣ የከሰል ምድጃ ይዛችሁ ወደ ተዘጋ ላስቲክ ቤት አትግቡ። «ለአንድ ሌሊት ብቻ» የሚባለው ነው ሰው የሚጨርሰው። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም። ጭስ ደግሞ ለችግኙም ጠላት ነው፤ ቲማቲም ጭስ ውስጥ ካለው ኤቲሊን የተነሳ ቅጠሉ ይጠማዘዛል፣ አበባውም ይረግፋል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈኑ

ማታ ፋኖስ ወይም የስልክ መብራት ውስጥ አብርታችሁ ከውጭ ዙሩ። ብርሃን በሚሾልክበት ሁሉ ሙቀት ይሾልካል። የላስቲኩን ግርጌ አፈር ቅበሩበት። በሩ ላይ ከውስጥ ተደራቢ የላስቲክ መጋረጃ ስቀሉ። ይህ ወጪው ትንሽ ነው፣ ከቦይለሩ በፊት መሠራት ያለበትም እሱ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ብቻ ሠርቶ ቦይለሩን ትቶታል።

ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ፣ ቦይለሩ ከታች ይሁን

ፓምፕ ስለሌለ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው የሙቀት ልዩነት ብቻ ነው። የሞቀ ውሃ ቀሎ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ከብዶ ይወርዳል። ይህ ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው። በ75 እና በ50 ዲግሪ ውሃ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ለአንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1.3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያህል ነው። አንድ ጣት የማይሞላ! ከዚህ በታች ስለ ቱቦ ውፍረትና ስለ ተዳፋት የምነዘንዛችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቦይለሩ የሚቆምበት ወለል በርሜሎቹ ከሚቆሙበት ወለል ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ዝቅ ይበል። ቦታችሁ ተዳፋት ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ጅሬን አቅጣጫ ያሉት ለዚህ ይመቻሉ፤ ቦይለሩን ከቤቱ በታች በኩል አቁሙት፣ አለቀ። ሜዳ ከሆነ መቆፈር አለባችሁ፣ ጉድጓዱም ውሃ መውጫ ቦይ ይኑረው። ቦዬ ረግረግ አጠገብ ላላችሁ ግን መቆፈርን አልመክርም፤ ትንሽ ስትቆፍሩ ውሃ ታገኛላችሁ። እናንተ በርሜሎቹንና መደቦቹን በድንጋይ መድረክ ከፍ አድርጉ።

ቦይለሩ ዝቅ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው። እሳቱ ሲጠፋና ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ፣ ቀዝቃዛው ውሃ እዚያው ታች ይቀመጣል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ሙቅ ውሃ ወደ ኋላ ዞሮ ቦይለሩን ሲያሞቅ አያድርም።

ቦይለሩ ከላስቲኩ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፣ ነፋስ ብዙ ጊዜ ከሚመጣበት በኩልም አይሁን። በላዩ የቆርቆሮ ጥላ ሥሩለት።

ደረጃ 3፦ ቦይለሩን አስበይዱ

ብየዳውን ከተማ አስጨርሱ፤ እናንተ ጋ መብራት የለም። ለበያጁ የምትሰጡት ልክ ይህ ነው።

የውስጡ ሲሊንደር ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 70። የውጭው ስፋቱ 50። በሁለቱ መካከል ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ውሃው እዚህ ውስጥ ነው የሚሆነው፣ ወደ 50 ሊትር ይይዛል። ክፍተቱ ከላይና ከታች ዙሪያውን በላሜራ ቀለበት ይዘጋ። እሳቱ በውስጠኛው ሲሊንደር ይነዳል። የፌሮው ፍርግርግ ከታች 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በፌሮዎቹ መካከል ሁለት ጣት ክፍተት ተዉ። ከፍርግርጉ በላይ እንጨት መክተቻ በር፣ ከታች የአየር መግቢያና አመድ መጥረጊያ በር ይውጣ። የታችኛው በር በደንብ ገጥሞ የሚዘጋ ይሁን። የእሳቱ ልጓም እሱ ነው።

ሙቅ ውሃ መውጫው በውሃው ክፍተት የመጨረሻ ጫፍ ላይ ይበየድ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ እንኳን ከላዩ አየር ይታሰራል፣ እዚያ ያለው ላሜራ ውሃ ሳይነካው ይነዳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። መመለሻው ከታች ጫፍ፣ ከመውጫው በተቃራኒ በኩል ይሁን። ሁለቱም ባለ 1 ኢንች ተኩል። ማፍሰሻ ቧንቧውም ከታች።

የጭስ ማውጫው ከላይኛው ክዳን ይነሳ። ከክዳኑ በታች፣ የጭሱን መንገድ በከፊል የሚዘጋ አንድ የላሜራ ቁራጭ በአግድም ይግባ። ነበልባሉ በቀጥታ ሽቅብ ከማምለጡ በፊት ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ሙቀቱን ለውሃው ይሰጣል። ቁራጩ ተነቃይ ይሁን፤ ጥላሸት ስትጠርጉ ትረዱኛላችሁ።

ከወርክሾፑ ሳታወጡት ውሃ ሙሉትና ግማሽ ቀን ይቀመጥ። የሚያንጠባጥብ ቦታ ካለ እዚያው ይደገም። ከነበሮቹ ወደ 90 ኪሎ ስለሚመዝን በጋሪ ወይም በጭነት መኪና አስወስዱት።

ደረጃ 4፦ በርሜሎቹን አቁሙ

ሁለቱንም በቤቱ ውስጥ፣ ቦይለሩ ባለበት ጫፍ አቁሙ። ውስጥ የምናቆማቸው የሚያመልጠው ሙቀት እንኳን ከቤቱ እንዳይወጣ ነው። ሥራቸው ድንጋይ ወይም ጡብ ይነጠፍ። ውሃ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው ከ200 ኪሎ በላይ ናቸው፣ ለስላሳ አፈር ላይ ይሰምጣሉ፣ ሲሰምጡም ቱቦውን ያጣምማሉ።

የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው በባለ 1 ኢንች ተኩል አገናኟቸው። ከቦይለር የሚመጣው ሙቅ ውሃ ከላይ ይገባል፣ ወደ ቦይለር የሚመለሰው ከታች ይወጣል።

የበርሜሉን ክዳን እዩት። ሁለት ቡሽ አለው፤ ትልቁ 2 ኢንች፣ ትንሹ ሦስት አራተኛ ኢንች። ትንሹ ለመተንፈሻ ቱቦ የተሠራ ይመስል ልክክ ይላል። የሁለቱንም በርሜሎች ትንንሽ ቡሽ ለዚህ ተጠቀሙበት። በትልቁ ቡሽ በኩል ደግሞ ቴርሞሜትር ታወርዳላችሁ፤ ቀዳዳው ዙሪያውን በደንብ ይደፈን።

ዙሪያቸውን በቀርከሃ አጥር ከልላችሁ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የቡና ገለባ ሙሉበት። ገለባው እርጥብ ከሆነ ሙቀት መያዙን ትቶ መቦካት ይጀምራል፤ ስለዚህ ከውጭ በላስቲክ ይጠቅለል።

ደረጃ 5፦ የመደቡ ቱቦ

መደቡ ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የአጣናና የቀርከሃ ቆጥ ይሁን። ቱቦው ከቆጡ ሥር በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። በአንድ መደብ 16 ሜትር፣ በሁለቱ 32 ሜትር። ውሃው 55 ዲግሪ ገደማ ሲሆን እያንዳንዱ ሜትር ከ30 እስከ 40 ዋት ይሰጣል፤ ድምሩ የሚያስፈልገን 1 ኪሎዋት ነው።

ተዳፋቱን በውሃ ልክ እየለካችሁ ሥሩ። ቱቦው ከበርሜሉ የላይኛው ጎን፣ ከክዳኑ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ጀምሮ በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ይሄዳል፣ እየወረደም ይመለሳል፣ በመጨረሻ ወደ በርሜሉ ታችኛ ክፍል ይገባል። መንገዱ ላይ የትም ቦታ ሽቅብ መነሳት የለበትም። ትንሽ ጉብታ ካለች አየር እዚያ ይታሰራል፣ ያ አንድ ጣት የማይሞላ ግፊት ደግሞ አየሩን ገፍቶ ሊያስወጣው አይችልም። ውሃው ቆመ ማለት ነው። ቱቦው እንዳይለምጥ በየሜትር ተኩሉ ድጋፍ ስጡት።

ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ቦል ቫልቭ መነሻው ላይ ግጠሙ። የአንዱን መደብ ለብቻው መቀነስ ትችላላችሁ። ከቦይለር ወደ በርሜል በሚሄደው ወይም በሚመለሰው ቱቦ ላይ ግን ምንም ቫልቭ አይግባ። አንድ ቀን የማያውቅ ሰው ይዘጋዋል።

ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ይርከስ እንጂ ቦይለሩ አጠገብ አይቻልም። እሳቱ ሲበረታ ውሃው ሊፈላ ይችላል፤ ፕላስቲኩ ይለምጣል፣ ይፈነዳል። ለመደቡም ቢሆን ሙቀት በማስተላለፍ ከብረት ጋር አይወዳደርም።

ደረጃ 6፦ የመተንፈሻ ጣሳው

480 ሊትር ያህል ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 85 ሲሞቅ ወደ 15 ሊትር ያብጣል። መሄጃ ይፈልጋል። ጣሳውን ከበርሜሎቹ ክዳን በላይ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከ1 ሜትር በላይ ግን አታስወጡት፤ የበርሜሉ ክዳን ጫናውን አይወደውም። ከሁለቱ ትንንሽ ቡሾች የሚነሱት ቱቦዎች በጣሳው ግርጌ ይግቡ። ክዳኑ ቆሻሻ እንዳይገባ ጣል ይደረግ እንጂ አይጥበቅ። ጠርዙ አጠገብ አንድ የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ አበጁለት፤ ሰው በማይቆምበት በኩል ያፍስስ።

ደረጃ 7፦ መደቡን አልብሱት

ከቆጡ ጎኖች ላስቲክ እስከ መሬት አንጠልጥሉ። የቱቦው ሙቀት በጎን ከማምለጥ ይልቅ ወደ ላይ፣ ወደ ችግኙ ይሄዳል። ከላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ቀስት እያደረጋችሁ አቁሙና ማታ ማታ ላስቲክ አልብሱት። ይህ ዋሻ ለመደቡ ጋቢው ነው፤ ከሌለ ከላይ ያስላሁት ሒሳብ ሁሉ አይሠራም።

ትሪዎቹን ወይም የፖሊቲን ቱቦዎቹን በቀጥታ ቀርከሃው ላይ ደርድሩ። ቱቦው ከትሪው ጋር አይነካካ።

ደረጃ 8፦ ውሃ መሙላት

ከታች፣ በማፍሰሻ ቧንቧው በኩል ጎማ ሰክታችሁ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ከታች የሚሞላ ውሃ አየሩን እየገፋ በመተንፈሻው ያስወጣዋል። ጎማው የሚመጣው ከጣሳው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ በርሜል መሆን አለበት። ከላይ በጀሪካን ከሞላችሁ ግን ዝግ በሉ፣ አየሩ መውጫ ጊዜ ይፈልጋል። በድምሩ ወደ 25 ጀሪካን ይገባል። የዝናብ ውሃ ካላችሁ እሱን ምረጡ፣ የሚያስቀረው ዝቃጭ ትንሽ ነው።

የመተንፈሻ ጣሳው ሩብ ሲሞላ አቁሙ። አንድ ቀን ይደር። በማግስቱ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁ ከረጠበ ያፈሳል።

አንዴ የሞላችሁትን ውሃ አታፍስሱ፣ የጎደለውን ብቻ ጨምሩ። ብረት የሚያዝገው አዲስ ውሃ ይዞት የሚመጣው አየር ነው። የቆየው ውሃ ቡናማ ቢሆንም ጉዳት የለውም። ለመጠጥም ለማጠጣትም ግን አትጠቀሙበት።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው እሳት

የመደቡን ቫልቮች ዝጉ። ትንሽ እሳት አያይዙ፣ ፈልጦች ሳይሆን ጭራሮ። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ሙቅ መውጫውን ቱቦ በእጃችሁ ዳሱ። ሙቀቱ ከቦይለሩ እየተነሳ ወደ በርሜሉ ሲጓዝ በእጃችሁ ትከተሉታላችሁ። የበርሜሉ አናት ሞቆ ግርጌው ቀዝቃዛ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ዑደቱ ጀምሯል። ቦይለሩ እየተንገበገበ በርሜሉ ካልሞቀ ግን እሳቱን አውጡ። አየር ታስሯል ወይም ተዳፋቱ ተሳስቷል፤ «ትንሽ ልጨምርበት» አይሠራም።

በርሜሉ 50 ዲግሪ ሲደርስ የመደቡን ቫልቮች ክፈቱ። የመመለሻው ጫፍ ለብ እስኪል ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ደረጃ 10፦ የዘወትር ሥራ

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መደቡን በላስቲኩ ሸፍኑ፤ ቀን የሞቀው አፈር ሙቀቱን ሳይጥል። የጣሳውን ውሃ እዩ። ከዚያ እሳት። ቦይለሩ በደረቅ እንጨት ወደ 6 ወይም 7 ኪሎዋት ለውሃው ይሰጣል፣ ስለዚህ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ማንደድ ይበቃል። የበርሜሉ አናት 75 ሲሆን እንጨት መክተት አቁሙ። ያለው ፍም ጥቂት ዲግሪ ይጨምርበታል። ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደጋ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። የቀረው ርቀት የምታስቡትን ያህል አይደለም።

ፍሙ ሲያልቅ የአየር በሩን ግጥም አድርጋችሁ ዝጉ። ክፍት ካደረ የጭስ ማውጫው ቀዝቃዛ አየር ሲስብ ያድራል፣ ቦይለሩን ያቀዘቅዘዋል።

የመደቡን ቫልቭ መቼ ትከፍታላችሁ? ምሽቱ ገና ለብ ያለ ከሆነ እስከ ሌሊቱ 4 ሰዓት ተዉት፣ ከመተኛታችሁ በፊት ክፈቱ። ብርዱ የሚከፋው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት 1 ሰዓት ስለሆነ ሙቀቱን ለዚያ ቆጥቡ። ሙሉ በሙሉ ከመክፈት ግማሽ ያህል ከፍቶ የአፈሩን ቴርሞሜትር ጠዋት ማየት ይሻላል። 20 ዲግሪ ግቡ ነው። ከ25 ካለፈ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፣ ችግኙም ቀጥኖ ይረዝማል።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዋሻውን ግለጡ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የተሸፈነ መደብ ከ35 ዲግሪ በላይ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ብርድን ተርፎ በሙቀት የተቃጠለ ችግኝ ያሳዝናል።

ስለ እንጨቱ

ደረቅ ባሕር ዛፍ በኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለው። ትኩስ የተቆረጠ ግማሽ ክብደቱ ውሃ ስለሆነ፣ የእሱ ግማሽ እንኳን መስጠት ይቸግረዋል፤ የቀረውም ጥላሸትና ጭስ ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም ነውና መስከረም ላይ የተቆረጠ እንጨት ለኅዳር አይደርስም። ለመጪው ኅዳር የሚሆነውን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው በጋ ፍለጡና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከላይ ብቻ ከድናችሁ፣ ጎኑን ለነፋስ ተዉት። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡ ደርሰዋል። ድም ካሉ ገና ናቸው።

ከጉንደላ የሚተርፍ የቡና ግንድ በጣም ጥሩ ነው፣ ጠንካራና ቀስ ብሎ የሚነድ። ቡና ያለው ጎረቤት ካላችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የጀንፈል (የደረቅ ቡና) ገለባስ? ይህ ሁሌም ይጠየቃል፤ በነፃ ተከምሮ እየታየ ማን ያልፈዋል። ብቻውን ግን አይሆንም። እፍኝ ስትጨምሩ ቦግ ብሎ ይጠፋል፣ ሲከመር ደግሞ አየር አፍኖ ይጨሳል። አመዱ ፖታሽየም ስለሚበዛበት በከባድ ሙቀት ቀልጦ ፍርግርጉ ላይ እንደ ጠርሙስ ይጋገራል። በፍም ላይ ትንሽ ትንሽ እየበተናችሁ፣ ከእንጨቱ ሩብ ሳይበልጥ ተጠቀሙበት። የተጨመቀ ብሪኬት ከሆነ የተሻለ ነው።

አመዱን ችግኝ አፈር ውስጥ አትቀላቅሉ፣ ለወጣት ሥር ኃይለኛ ነው። የጓሮ አፈራችሁ አሲዳም ከሆነ ስስ አድርጋችሁ እዚያ በትኑት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*ዋናውን ቱቦ በ1 ኢንች መሥራት።* ርካሽ ነው፣ ግን ውሃው ይዘገያል፣ ቦይለሩ ይፈላል። ጎሚቶም ባነሰ ቁጥር ይሻላል፤ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ከአንድ ባለ 90 ይመረጣል።

*ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠጣት።* ያሞቃችሁትን አፈር በአንድ ባልዲ ታጠፉታላችሁ። ጠዋት አጠጡ። ከሥር የሚሞቅ መደብ ቶሎ ስለሚደርቅ የትሪውን ግርጌ በጣት እየነካችሁ እዩ፤ ላዩ እርጥብ ሆኖ ሥሩ የደረቀ ሊሆን ይችላል።

*ዋሻውን ሳይገልጡ መዋል።* ጤዛው ይጠራቀማል፣ ችግኙ ከአንገቱ በስብሶ ይወድቃል። ከብርዱ ይልቅ ይህ ብዙ ችግኝ ይጨርሳል።

*ሲፈላ መደናገጥ።* ከጣሳው እንፋሎት ከወጣና ቱቦው ከተንኳኳ፣ የአየር በሩን ዝጉ፣ የመደቡን ቫልቮች ሙሉ ክፈቱ፣ ራቅ በሉ። በእሳቱ ላይ ውሃ አትድፉ። ጣሳው ባዶ ሆኖ ካገኛችሁትም ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ፤ የጋለ ላሜራ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱም ፊት ይገርፋል። እሳቱ ጠፍቶ ቦይለሩ በእጅ እስኪነካ ጠብቁ።

*ብልጭታን መናቅ።* የባሕር ዛፍ ቅርፊት ብልጭታ ይረጫል። የጭስ ማውጫው አናት ላይ የሽቦ ወንፊት እሰሩ፣ አናቱም ከላስቲክ ቤቱ ጣሪያ ከፍ ይበል። ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ ቦይለሩን በአጥር ክለሉት፤ የውጭው ላሜራ በቀላሉ ያቃጥላል።

ጽዳት

በየሳምንቱ ተነቃዩን ላሜራ አውጥታችሁ የውስጡን ግድግዳ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ። ጥላሸት ሙቀት ወደ ውሃው እንዳይገባ ይከለክላል፤ እንጨቱ እየበዛ ሙቀቱ እያነሰ ከመጣ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ጭስ ማውጫውን በወር አንዴ በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ጆንያ አስራችሁ አጽዱ። የካቲት ላይ ማንደድ ስታቆሙ አመዱን ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡ፤ አመድ ከክረምት እርጥበት ጋር ሲገናኝ ላሜራውን ይበላል። ውሃውን እዚያው ተዉት፣ በሮቹን ዘይት ቀቡ፣ የጭስ ማውጫውን አናት በቆርቆሮ ክደኑት።